የላክነውን ሰው ሳንሰማው

 ዛሬ የምናካፍላችሁ ምስክርነት ብቻ አይደለም፤ ንስሐም አለበት። የአጥቢያችን የወንጌል ስርጭት ኮሚቴ አባላት የሆንን ሰባት ሰዎች ተስማምተን የጻፍነው ስለሆነ «እኛ» የምንለው ለማሳመር ሳይሆን በእውነት ሁላችንም ስላጠፋን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወንጌላዊ ከነቤተሰቡ ወደ ሩቅ ቆላ አካባቢ ላክን። ምእመናን ጾሙ፣ ጸለዩ፣ ሽማግሌዎች እጅ ጫኑ። እናቶች እያለቀሱ ስንቅ አዘጋጁ። እኛም ደመወዙን በየወሩ በባንክ እየላክን በየሦስት ወሩ ሪፖርት እንቀበል ጀመር። ሪፖርቱ ሲመጣ ስንት ሰው አመነ፣ ስንት ሰው ተጠመቀ የሚለውን መስመር እናነብብና «ሃሌ ሉያ» ብለን ወረቀቱን ፋይል ውስጥ እናስገባው ነበር።

በአራተኛው ዓመት ከዚያው አካባቢ ሁለት ሰዎች ስልክ ደወሉ። ለጸሎት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ የተላከውን ገንዘብ ወንጌላዊው ለሌላ ጉዳይ አውሎታል አሉ። ማክሰኞ ማታ ተሰበሰብን። ሁለት ወጣት ወንድሞች ሄደው እንዲያጣሩ ወሰንን። የአካባቢውን ቋንቋ አያውቁም፤ ሦስት ቀን ቆዩ፤ ያነጋገሩትም በአብዛኛው የደወሉትን ሰዎች ነበር። ተመልሰው «እውነት ነው፣ ቆርቆሮው የለም» አሉን። እኛም ከግማሽ ሰዓት በማይበልጥ ውይይት ደመወዙ ከያዝነው ወር ጀምሮ እንዲቋረጥ ወሰንን። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ተላከ። ወንጌላዊውን አንድም ቃል አልጠየቅነውም። በዚያ ማታ በጸሎት ጀምረን በጸሎት መዝጋታችንን ግን በደንብ እናስታውሳለን።

ጉዳዩ ተዘጋ ብለን ዓመት አለፈ። ከእኛ አንዱ በማታ የሥነ መለኮት ትምህርት ይማር ነበርና ስለ ሚስዮን ታሪክ የቤት ሥራ ተሰጠው። የደረሰው ርዕስ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የአንግሊካን ጳጳስ ሳሙኤል አጃዪ ክራውተር ነበር። ለኮሚቴው ይጠቅማል ብሎ ጽሑፉን በስብሰባ ላይ አነበበልን። አንብቦ ሲጨርስ የተናገረ ሰው አልነበረም። ታሪኩን ለእናንተም በአጭሩ እንንገራችሁ፤ ለምን ዝም እንዳልን ይገባችኋል።

አጃዪ የተወለደው ዛሬ ናይጄሪያ በምንለው አገር በዮሩባ ምድር፣ ኦሾጉን በተባለች ከተማ ነው። በ1821 (እ.ኤ.አ.) ገና የ13 ዓመት ገደማ ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ከተማዋን አቃጥለው ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር ማረኩት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ በመጨረሻ በፖርቱጋል መርከብ ላይ ተጫነ። በ1822 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቡን ይዞ ምርኮኞቹን አስፈታና ፍሪታውን፣ ሴራሊዮን አወረዳቸው። እዚያ ፊደል ቆጠረ፣ ጌታን አገኘ፣ በ1825 ተጠመቀ። በ1827 የተከፈተው የፉራ ቤይ ኮሌጅ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ። በ1843 ለንደን ላይ ካህን ሆኖ ተሾመ። ከዚያም ወደ ትውልድ ምድሩ ተመልሶ በአቤኦኩታ ሲያገለግል በ1846 ከእናቱ ጋር ተገናኘ፤ ከተለያዩ 25 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ እናቱ ተጠመቀች። በባርነት የጠፋው ልጅ ለእናቱ ወንጌል ይዞላት መጣ! እኛ ኢትዮጵያውያንም ከባርነት ነፃ ወጥቶ መጽሐፍ ቅዱስን ለወገኖቹ በኦሮምኛ የተረጎመውን አናሲሞስ ነሲብን ስለምናውቅ እግዚአብሔር እንዲህ እንደሚሠራ አይገርመንም። ክራውተርም የዮሩባን መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የመራ ሰው ነው።

ሰኔ 29 ቀን 1864 (እ.ኤ.አ.) ክራውተር በካንተርበሪ ካቴድራል ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። የላከው የቤተ ክርስቲያን ሚስዮናዊ ማኅበር ነበር፤ በ1830ዎቹ ሳሙኤል ጎባትን፣ ኢዘንበርግንና ክራፕፍን ወደ አገራችን የላከው ያው ማኅበር ማለት ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ሄንሪ ቬን አንድ ጠንካራ እምነት ነበረው። የሚስዮን ዓላማ ራሷን የምታስተዳድር፣ ራሷን የምትችልና ራሷ ወንጌልን የምታሰራጭ ቤተ ክርስቲያን መትከል ነው፤ ይህ ሲሆን ሚስዮናዊው ወደ ሌላ ስፍራ ያልፋል ይል ነበር። ክራውተርን ለጵጵስና የገፋፋውም እርሱ ነው።

እዚህ ላይ «ሚስዮናዊ ሀገረ ስብከት» ምን እንደሆነ ብናብራራ ይጠቅማል። በአንግሊካን ሥርዓት መደበኛ ሀገረ ስብከት ጳጳስ አለው፤ ከጳጳሱ ጋር ካህናትና የምእመናን ተወካዮች የሚቀመጡበት ሲኖዶስ አለው፤ ወጪውንም አጥቢያዎቹ ይሸፍናሉ። ሚስዮናዊ ሀገረ ስብከት ግን ገና ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ወይም ጥቂት አማኞች ብቻ ባሉበት ምድር የሚቋቋም ነው። ጳጳሱ አለ፣ ምድሩ አለ፣ ሕዝቡ ግን ገና ይመጣል። ደመወዙም፣ መርከቡም፣ መጽሐፉም ከሩቅ ይላካል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ገንዘቡ ከሩቅ ሲመጣ ሥልጣኑስ የማን ነው? በምድሩ ላይ የቆመው ጳጳስ ያዝዛል ወይስ ከሩቅ ገንዘቡን የሚልከው ኮሚቴ? እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ ሲነበብልን ይህን ጥያቄ ስንሰማ ነው አንገታችንን መድፋት የጀመርነው።

የክራውተር ሀገረ ስብከት ከመጀመሪያው ችግር ነበረበት። የተሰጠው ማዕረግ ከንግሥቲቱ ግዛት ውጪ ያሉ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጳጳስ የሚል ነው። ስሙ ሰፊ ይመስላል። ነገር ግን በአቤኦኩታ ያገለግሉ የነበሩ ነጭ ሚስዮናውያን፣ በተለይ ሄንሪ ታውንሴንድ፣ በአፍሪካዊ ጳጳስ ሥር አንሆንም ብለው ተቃውመው ነበር። ስለዚህ ክራውተር ቋንቋውን እንደ እናቱ ቋንቋ የሚናገርበት፣ እናቱ ያመነችበት የዮሩባ ምድር ከሥልጣኑ ውጪ ሆነ። የእርሱ ሥራ ቋንቋዎቹን በማያውቃቸው የኒጀር ወንዝ ሕዝቦች መካከል ሆነ። ጳጳስ ተብሎ ተሾመ፤ ቤቱ ግን ተከለከለ።

እንዲያም ሆኖ ሠራ። ካቴድራል አልነበረውም። ወንዙን የሚወጣው በነጋዴዎች መርከብ ነው፤ ነጋዴው ሲነሣ ይነሣል፣ ነጋዴው ሲመለስ ይመለሳል። ውሃው ሲጎድል መርከብ አይሄድምና አንዳንዱን ጣቢያ በዓመት አንዴ ብቻ ያየዋል። በኦኒቻ፣ በሎኮጃ፣ በቦኒና በብራስ የሚሠሩት አገልጋዮች አፍሪካውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም እንደ እርሱ በሴራሊዮን ያደጉ የነፃ ወጡ ምርኮኞችና የእነርሱ ልጆች ናቸው። በየደረሰበት አለቆችን ቀርቦ ያነጋግራል፣ ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ የቋንቋ መጻሕፍት ያዘጋጃል። ከሙስሊሞች ጋር ሲነጋገር በክርክር ለማሸነፍ አይጣደፍም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ከፍቶ በአክብሮት ይመልስላቸዋል። በቦኒ ሕዝቡ አርጃኖን እንደ ቅዱስ ይቆጥር ነበር። በ1867 በትንሣኤ ቀን ንጉሡ አርጃኖ ከእንግዲህ የቦኒ አምላክ አይደለም ብሎ አወጀ። በዚያው ዓመት ክራውተርን አንድ የወንዝ ዳር አለቃ ይዞ አግቶት ነበር፤ ሊያስለቅቀው የመጣው የእንግሊዝ ቆንስል ሕይወቱን አጣ።

ሄንሪ ቬን በ1873 ሞተ። አሳቡን የያዙለት ሰዎች እየቀነሱ ሄዱ። ማኅበሩ በ1878 ለወንዙ ሥራ መርከብ ላከ፤ የመርከቡ ስም «ሄንሪ ቬን» ነበር። መልካም ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ከመርከቡ ጋር የገንዘብና የአስተዳደር ሥልጣን በጳጳሱ እጅ ሳይሆን በአውሮፓውያን እጅ እየገባ መጣ። ከዚያም በ1880ዎቹ መጨረሻ ላይ ለቅድስና የሚቀኑ፣ ጸሎተኞች የሆኑ፣ ሕይወታቸውን ለመስጠት የቆረጡ ወጣት ሚስዮናውያን ከእንግሊዝ መጡ። ከእነርሱ አንዱ፣ ግራሃም ዊልሞት ብሩክ፣ ገና 25 ዓመቱ ነበር። የክራውተርን አገልጋዮች መረመሩ፤ አብዛኞቹ አይረቡም አሉ።

ወገኖች፣ እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብን። በአገልጋዮቹ መካከል በእርግጥ ጥፋት ያጠፉ ነበሩ። ክራውተርም ደግ ስለነበረና ርቀቱ ብዙ ስለነበረ ጠበቅ አድርጎ አልተቆጣጠረም የሚለው ወቀሳ ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ወጣቶቹም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ጌታን ይወዱ ነበር። ጥፋታቸው የጥቂቶቹን ኃጢአት በሁሉ ላይ መደረባቸው፣ ሳይጠይቁም መፍረዳቸው ነው።

በነሐሴ 1890 (እ.ኤ.አ.) በኦኒቻ የማኅበሩ የገንዘብ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ጳጳሱ ዕድሜው ከ80 ዓመት በላይ ሆኗል። ልጁ ዳንደሰን ክራውተር የዴልታው ሊቀ ዲያቆን ሆኖ አብሮ ተቀምጧል። ካህናቱ አንድ በአንድ ስማቸው እየተነሣ ተነቀፉ፤ የኮሚቴው ጸሐፊም ካህናትን ከሥራ የማገድ ሥልጣን ከማኅበሩ ተሰጥቶኛል አለ። ሽማግሌው ጳጳስ ተገርሞ ጠየቀ፤ ካህንን ከአገልግሎት የሚያግድ ጳጳስ ነው ወይስ የገንዘብ ጸሐፊ? መገረሙም በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍለት ጠየቀ። በመጨረሻም ከኮሚቴው ራሱን አገለለ። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ 31 ቀን 1891 (እ.ኤ.አ.) በሌጎስ አረፈ። የተተካው በአውሮፓዊ ጳጳስ ነው። በናይጄሪያ ሌላ አፍሪካዊ የራሱን ሀገረ ስብከት ሙሉ በሙሉ እስኪመራ ድረስ ስድሳ ዓመት ያህል አለፈ።

ወንድማችን እዚህ ሲደርስ ወረቀቱን አስቀመጠ። «የገንዘብ ኮሚቴ» የሚለው ቃል በክፍሉ ውስጥ ቀረ። የእኛ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ የሆነችው እህታችን ዝም ብላ ተነሥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና የወንጌላዊውን ፋይል አወጣች። ከእኛ አንዱም ደብዳቤው ከተጻፈ ወዲህ አልነካውም ነበር። የመጨረሻውን ሪፖርት ማንበብ ጀመረች። በመጀመሪያው ገጽ ያመኑትና የተጠመቁት ቁጥር አለ። በሁለተኛው ገጽ ሦስት መስመር ተጽፎ ነበር። አንዲት አማኝ ምጥ ጸንቶባት ሦስት ቀን ስለሆናት የቆርቆሮውን ገንዘብ ለመኪናና ለሕክምና እንዳዋለው፣ ሳያስፈቅድ ስላደረገው ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ ከደመወዙ በየወሩ እየቀነሰ እንደሚመልስ ይናገራል። መልሳችንን እንደሚጠብቅም ጽፏል።

መልሳችን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ያፈሰስነውን ለመልቀም ተነሣን። ሁለታችን በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዘን ሄድን። በመንገድ ላይ ምን እንደምንል ስንለማመድ ነበር፤ ደርሰን ግን ሁሉም ጠፋብን። ወንጌላዊው ከስፍራው አልሄደም። ደመወዙ ሲቆም በኪራይ መሬት በቆሎ እያረሰ፣ ባለቤቱ በገበያ ሽንኩርት እየሸጠች ኖሩ። ጉባኤው አሁንም ከዋርካው ሥር ይሰበሰባል። እኛ ከላክንላቸው ጊዜ ይልቅ እኛ ከተውናቸው በኋላ የተጨመሩት በዝተው አገኘን። ባለቤቱ ቡና አፍልታ ተቀበለችን። ያቺ በምጥ የተያዘችው እህት ልጇን አዝላ መጥታ ጀበናውን ይዛ ትረዳት ነበር።

ይቅርታ ስንጠይቅ ወንጌላዊው እኛን ከማስጨረሱ በፊት ራሱ እንባውን ጠረገ። «ወንድሞች፣ እኔም ሳላስፈቅድ ማድረግ አልነበረብኝም፤ ያን አልክድም» አለን። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «ገንዘቡ በመቆሙ አይደለም ያዘንሁት። ሪፖርቱን ያነብቡታል ብዬ አምን ነበር» አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በእግዚአብሔር ቃል ፊት ቁጭ ብለን ራሳችንን መረመርን። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 ላይ በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ካልሆነ ተቀባይነት እንደሌለው ያዝዛል። እኛ ሁለት ከሳሾች ነበሩን፤ ከሳሽና ምስክር አንድ አለመሆናቸውን ግን አልለየንም። ምሳሌ 18፥17 ደግሞ ፊተኛው ተናጋሪ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ጻድቅ እንደሚመስል ያስተምረናል። እኛ ፊተኛውን ሰምተን ሁለተኛውን ሳንጠብቅ ችሎቱን ዘጋን። በሐዋርያት ሥራ 11 ላይ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ስለ አንጾኪያ ወሬ በሰማች ጊዜ በርናባስን ላከች። በርናባስ ደርሶ አስቀድሞ የፈለገው የእግዚአብሔርን ጸጋ ነው፤ አይቶም ደስ አለው፤ ከዚያም እዚያው ተቀምጦ አብሯቸው ሠራ። የእኛ መልእክተኞች የፈለጉት ቆርቆሮ ነበር፤ ቆርቆሮው ከሌለ ሌላ አላዩም። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ የላክናቸው ቆርቆሮ እንዲቆጥሩ ነበርና።

አሁን አሠራራችንን ለውጠናል። ሪፖርት እስከ መጨረሻው ገጽ በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ይነበባል፤ በአንድ ወር ውስጥም መልስ ይጻፍለታል። በተላከ አገልጋይ ላይ ክስ ቢመጣ እርሱ ራሱ ሳይሰማ ውሳኔ አይሰጥም። ለአጣሪነት የሚሄድ ሰው የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ ወይም አስተርጓሚ የያዘ ይሆናል። ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለወንጌላዊው ተመድቦለታል፤ ደረሰኝ ያቀርብበታል። ገንዘብ መቆጣጠር አልተውንም፤ ያለ ቁጥጥር የሚሄድ አገልግሎትም አገልጋዩን ለፈተና ይጥላል። ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ምድር ካሉ አማኞች ሦስት ሽማግሌዎች ተመርጠው የሥራው ውሳኔ ቀስ በቀስ ወደ እነርሱ እንዲያልፍ ጀምረናል። ሄንሪ ቬን ያለመው ይህን ነበር፤ በአገራችንም በወላይታ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። በ1937 (እ.ኤ.አ.) ሚስዮናውያኑ ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት አማኞች ጥቂት ነበሩ፤ ሲመለሱ ግን በሺህ የሚቆጠሩ አገኙ። መንፈስ ቅዱስ ከእኛ በጀት ጋር አልታሰረም።

የክራውተርም ታሪክ በኦኒቻ ስብሰባ አላበቃም። በ1892 የዴልታው አብያተ ክርስቲያናት በልጁ በዳንደሰን መሪነት ራሳቸውን የሚያስተዳድሩና ራሳቸውን የሚችሉ ሆነው ቆሙ። በ1990 የናይጄሪያ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በአንድ ጊዜ ስምንት ሚስዮናውያን ጳጳሳት ሾማ ወደ ሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል፣ እንደ ሶኮቶና ማይዱጉሪ ወዳሉ ስፍራዎች ላከች። የተላከችው ላኪ ሆነች ማለት ነው። በ2014 ደግሞ፣ ክራውተር የተሾመበት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ በዚያው ካቴድራል ቆመው በእርሱ ላይ የተፈጸመው ስሕተት እንደነበረ ተናግረው ይቅርታ ጠየቁ። መልካም ነገር ነው። ክራውተር ግን ይህን አልሰማም፤ ሞቶ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ጌታን የምናመሰግነው ይቅርታ የጠየቅነው ሰው ቡና እየቀዳልን በሕይወት ስላገኘነው ነው።

ምናልባት ይህን የምታነብቡ ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን ሳትሰሙ ተፈርዶባችሁ የሸሻችሁ ትኖራላችሁ። በቅድሚያ ይቅርታ እንላችኋለን። የእኛ ኮሚቴ የእግዚአብሔር ዙፋን አይደለም። ራእይ 12፥10 ቀንና ሌሊት የሚከስ አንድ ከሳሽ እንዳለ ይነግረናል፤ 1ኛ ዮሐንስ 2፥1 ግን በአብ ዘንድ ስለ እኛ የሚቆም ጠበቃ እንዳለን ያበስረናል፤ እርሱም ጻድቁ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። ክሱ እውነት በሆነበት ጊዜ እንኳ እርሱ ዕዳውን በደሙ ከፍሎ ስለ እኛ ይናገራል። እርሱ እስከ መጨረሻው ገጽ ያነብባል። ወደ እርሱ ኑ።

አገልጋይ የላካችሁ አጥቢያዎች ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ፋይሉን አውጡና ሁለተኛውን ገጽ አንብቡ። ከዚያ ስልክ ደውሉለት፤ ስለ ቁጥር ሳይሆን ስለ ልጆቹ ጤና ጠይቁት።

ጌታ ሆይ፣ በስምህ ተሰብስበን ሳንሰማ ስለ ፈረድነው ይቅር በለን። በሩቅ ምድር ብቻቸውን የቆሙትን ባሪያዎችህን አስባቸው። የምንሰማበት ጆሮ፣ የምንታገሥበት ልብ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።